እማማ አይሆንም

«ዝም ካለች እሺ አለች ማለት ነው።»

ይህን ያለው የአንድ የሬዲዮ ሰው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ያለውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ እየመሰለው ነው። የሬዲዮ ሰውየው የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ በኮሪደሩ ሲያልፍ ነገሩ ጆሮው ውስጥ ጥልቅ አለ። መተዳደሪያው ጆሮው ነውና፣ ከአሥር ዘፋኝ መካከል ድምፁ የጎረነነውን አንዱን የሚለይ ሰው፣ የአንድ ብረታ ብረት ነጋዴ ሹክሹክታ አያመልጠውም። ቆመ። መቆሙ ደስ አላለውም፣ ግን ቆመ። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተራ ገና መግባቷ ነበር፤ «ሰኞ ሰኞ ትለኛለህ፣ እሷ ራሷ ምን አለች ታዲያ?» ስትል ድምፅዋ ሳይቀር እንቅልፍ አምሮታል። «ነገርኳት እኮ፣ ዝም አለች። ሰኞ በጠዋት ይዣት እወጣለሁ። የእኔ ቤት ሰፊ ነው፣ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።» ሚስቱ ወደ ማጠቢያው ዞረች። ቧንቧ ሲከፈት ተሰማ፤ ብርጭቆ ሲታጠብ ተሰማ፤ ያው ብርጭቆ እንደገና ሲታጠብ ተሰማ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ከሌላ ከተማ ድረስ መኪና ነድቶ መጥቷል፣ እሷ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራለች። እንዲህ ተብሎ የእናታቸው ነገር ተቆረጠ።

የሬዲዮ ሰውየውን ከተማው በስሙ አያውቀውም። ፕሮግራሙ «ከሥሩ» ስለሚባል እሱንም «ከሥሩ» ይሉታል፤ ባለ ታክሲው «ከሥሩ ግባ» ይለዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ «ከሥሩ ላንሳው?» እያለ ይቀልድበታል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ከየትም ከየትም የተለቀመ የአገር ቤት ዘፈን ያሰማል። የድንጋይ ጠራቢዎችን ዘፈን ከአኮርዲዮን ጋር፣ የአጫጆችን ከዓሣ አጥማጆች፣ የማንም ቋንቋ ያልሆነ የሚመስል እሹሩሩን ከሠርግ ከበሮ ጋር አጎራብቶ ያስቀምጣል፤ የሚገርመው ደግሞ ተጎራባቾቹ ሳይጣሉ ይዘልቃሉ። ለዚህ ሥራ ሲል የውሃ መሥሪያ ቤቱን የሂሳብ ወንበር ለቀቀ። የለቀቀ ዕለት አማቱ እራት ላይ ሰው እየሰማ፣ «እንግዲህ ልጄን በዘፈን ሊያጠግባት ነው» አሉ። እሱም፣ «የእኔንና የልጅዎን ጉዳይ ለእኛ ይተዉልን» አለ። አለቀ። ከዚያች እራት ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ አማትና አማች አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ አንድ ኮሪደር እየተሻሙ፣ ቃል አልተለዋወጡም። «ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጠጣ በይው» ይላሉ አማት፣ እሱ ከፊታቸው ተቀምጦ። «ጠጥቻለሁ በያቸው» ይላል እሱ። ሚስቱ በመካከል እንደ ድሮ ስልክ ቤት ሠራተኛ ከዚህ ተቀብላ እዚያ ታቀብላለች።

ቤቱ ውስጥ ማንም ያላነሳው ጉድ ግን ሌላ ነው። ኩርፊያው በገባ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከሥሩ የአድማጭ መስመር ከፍቶ ሳለ አንዲት ሴትዮ ደወሉ። ሄሎ አላሉም፣ እንደምን አደራችሁ አላሉም። «አይሆንም!» ነበር ያሉት። «ዘፈኑ ሳያልቅ ወሬህን ለምን ትሰነቅርበታለህ? ሰውየው ትንፋሹን ይጨርስ እንጂ!» ከሥሩ በመጀመሪያው ፊደል ነው ያወቃቸው። የሳሎኑን ግድግዳ ሰዓት ሳይቀር በስልኩ ውስጥ ሰማው። ቢሆንም ምላሱን ዋጥ አድርጎ፣ «ማን ልበል እማማ?» አላቸው። «አድማጭ በለኝ» አሉ። እሱም አድማጭ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መኝታ ቤታቸውን ዘግተው ይደውላሉ፤ ይቆጣሉ፣ ያላግጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴ ሳቃቸው ከበሩ አልፎ ሳሎን ይደርሳል። የከተማው ሰው «እማማ አይሆንም» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ፕሮግራሙን እሳቸውን ብሎ የሚከፍተው ሰው ቀላል አይደለም። ከሥሩ ቤት ሲመለስ ግን አማቱ ቀና ብለው አያዩትም። «ምሳ ቀርቧል በይው።» ሚስቱ ሁሉንም ታውቃለች፤ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከተናገሩት የሚሰበር ዕቃ አድርገውት ነው የኖሩት።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ሲገባ አማቱ እንደ ወትሯቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከሶፋው አጠገብ ከቁም ሳጥን ላይ የወረደ አሮጌ ሻንጣ ቆሟል፤ ልጃቸው አቧራውን ጠርጎለታል፣ የተበጠሰ እጀታውንም በሽቦ አስሮለታል፤ ሥራው ጥንቁቅ ነው፣ ክፋት የለበትም። አማትየው ሻንጣውን አያዩትም። ከሥሩ፣ «እንደምን አደራችሁ» አለ ለክፍሉ በጠቅላላው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እሳቸው ለምስሩ። ጫማውን ሲያጠልቅ ዓይኑ እጃቸው ላይ አረፈ። ጠጠሩን ትሪው ላይ ትተው ደህና ደህናውን ምስር እየለቀሙ ይጥላሉ። እኚህ ሴት ዓይናቸው ገና ጤነኛ ነው፤ መርፌ ያለ መነጽር ይሰካሉ። የጫማውን ክር ሁለቴ አሰረ። ምን ብሎ ይግባ? አማች ነው፣ በዚያ ላይ ያኮረፈ አማች። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ ታሪፍ ጭማሪ ያወራል። እሱ መስኮቱን ተደግፎ ያንኑ አንድ አረፍተ ነገር ያመነዥካል። ጣቢያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ የፍራሽ መደብር ስለሆነ የስቱዲዮው ግድግዳ ከመደብሩ በተገዛ ስፖንጅ ተለብጧል፤ አየር ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ ስለሚያጓራ ቀጥታ ስርጭት ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ሁለቱን ሰዓት የሚጨርሰው ላብ አጥምቆት ነው። ይህችን ጠባብ ክፍል ግን ይወዳታል። እዚህ የሚሠራውን ያውቃል። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሰው የማይገባውን ቋንቋ ምን ያድርግ ብለህ ነው የምታሰማው?» ቢለው፣ «እሹሩሩ የገባህ ቋንቋ ሳትለምድ ነው» ብሎ መልሶለታል፤ ሥራ አስኪያጁም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም። ከመስታወቱ ወዲያ የምትቀመጠው ቴክኒሻን ማስቲካዋን እያኘከች የዕለቱን ዝግጅት ስትከፍት፣ «ዛሬ የውሃ ዘፈኖች ናቸው ያልከኝ» አለች።

«ውሃው ይቆየን። ዛሬ ሽኝት ነው።»

«አሁን ነው የምትቀይረው? ልትገባ እኮ ነው!»

«ሁሉንም የት እንዳሉ አውቃቸዋለሁ» አለ፤ አውቆም ነበር። ማስታወቂያው እስኪያልቅ ድረስ ስምንት ዘፈን ለቅሞ ሰጣት። የመርከበኛ ሚስቶች ወደብ ላይ ቆመው የሚቀባበሉትን፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ጓደኛቸው ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር የሚሉትን፣ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አክስቶቿ የሚያወርዱትን፣ አንድ ሽማግሌ ለሸጠው በሬ በዋሽንት የተነፈሰውን። አንዱን ከአንዱ ሲያያይዝ እንደ ልማዱ ትንፋሽ ተከትሎ ነው፤ የአንዱ ዘፈን ትንፋሽ ሲወጣ የሌላው ሲገባ። የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ቅቤ ቀለጠ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ጠጋ አለና፣ አድማጭ የሚያውቅለትን ያንን የተረጋጋ ድምፁን ይዞ እንዲህ አለ። «አስተውላችሁ ከሆነ የሚሄደው ሰው አይዘፍንም። የሚዘፍነው የሚቀረው ነው። ያለቅሳል፣ ይመርቃል፣ ስንቅ ይቋጥራል። ከዚህ ሁሉ የሽኝት ዘፈን ውስጥ ግን የሚሄደውን ሰው ‹ለመሆኑ መሄድ ትፈልጋለህ ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ አንድ ግጥም ፈልጌ አጣሁ። እናንተ ዘንድ ካለ ደውሉልኝ።»

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደወለ፤ ግጥሙ የለውም፣ ሰላም ለማለት ነው። አንዲት አስተማሪ ደወለች፤ አክስቶቹ ሲያወርዱ እሷም የራሷ ሠርግ ትዝ ብሏት ከባሏ ጋር ተኮራርፋ ተቀምጣለች። ሰዓቱ ገፋ። እማማ አይሆንም አልደወሉም። ከሥሩ በጆሮ ማዳመጫው የሰው ድምፅ ይሰማል፣ በልቡ ግን ያንን የተዘጋ መኝታ ቤት። ልጃቸው ሳሎን ቁጭ ብሎ እንዴት ይደውላሉ? ምናልባትም ከእንግዲህ አይደውሉም። ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቴክኒሻኗ ከመስታወቱ ጀርባ ከወንበሯ ብድግ ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«አይሆንም!»

«እማማ አይሆንም! ምኑ ነው ዛሬ ያልሆነው?»

«አገሩን ሁሉ በጠዋቱ ታስለቅሳለህ እንዴ አንተ ልጅ? ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ቤት የሚጠርግ አለ። ሁሉም ሥራውን ጥሎ አፍንጫውን ይናፈጥልህ?»

«እርስዎም አለቀሱ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አሉና ትንሽ ቆየት ብለው፣ «ያ የመርከቦቹ ዘፈን… ሴቶቹስ ይሁን፣ ያሉትን ብለዋል። የተጫነው ሰውዬ ግን ምን አለ? እሱን አላሰማኸኝም።»

«ምንም አላለም እማማ። ዝም አለ።»

ከሥሩ እዚህ ላይ መመለስ ይችል ነበር። አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ፣ ዘፈን ከፍቶ፣ እንደ ልማዳቸው ምርቃት ተቀብሎ መስመሩን መዝጋት ይችል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ያልነኩት ድንበር እግሩ ሥር ታየው። ቢረግጠው ምናልባት ቅዳሜንም ሊያጣ ነው። ረገጠው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ሰው ዝም ካለ እሺ አለ ማለት ነው ሲባል ሰማሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

በስልኩ ውስጥ የራሱ ድምፅ «ምን ይላሉ» እያለ ከሩቅ መጣለት፤ የሳሎኑ ሬዲዮ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ወንድምየው ይሰማል። ከዚያ ጸጥ አለ። ሬዲዮ ላይ ጸጥታ እንደ ቤት እሳት ነው፤ ሁሉም ውሃ ሊያመጣ ይሮጣል። ቴክኒሻኗ ማስቲካዋን ማኘክ አቁማ እጇን ለመጠባበቂያ ወደተዘጋጀው ዘፈን ሰደደች። ከሥሩ መዳፉን አንስቶ አስቆማት። የግድግዳ ሰዓቱ ይቆጥራል። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ ይሰማዋል።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰው ሲል ነው የሰማሁት።»

«ያ ሰው ዝምታ አያውቅም። ዝምታ እሺ ማለት ቢሆን ኖሮ እኔና አማቼ እስካሁን ስንቱን ነገር ተስማምተን ነበር!»

ቴክኒሻኗ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ከሥሩም ሳቀ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ስማኝማ ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውት አያውቁም፣ በሬዲዮም በቤትም። «እኔ ዝም የምለው አንዳንዴ ተናድጄ ነው። አንዳንዴ የሚናገረው ሰው የወለድኩት ስለሆነ ፊቱ ሲከፋ ማየት አልወድም። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው። ዕቃ እንኳ ሲነሳ ይከብድ ይሆን ተብሎ አንዴ ነቅነቅ ይደረጋል። እኔን ማንም አልነቀነቀኝም። ሰኞ የትም አልሄድም! የሚሰማ ካለ ይስማ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ስፈልግ አውቶቡስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፣ ስፈልግ እመለሳለሁ። በል አሁን ዘፈን ክፈት፤ የሚያስጨፍር ይሁን፣ ሌላ ለቅሶ እንዳታመጣብኝ።» ዘጉት።

ከሥሩ አኮርዲዮኑን ከፈተ፤ በሠርግ ማግሥት ሽማግሌና ልጅ አንድ ላይ የሚረግጡበትን፣ ቁጭ ተብሎ የማይሰማውን። የስልኮቹ መብራት ሁሉ አንድ ላይ በራ። ጎሽ እማማ የሚል፣ ሰኞ የት ሊወስዷቸው ነው የሚል፣ ቤት አለኝ እኔ ጋ ይምጡ የሚል። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ፣ «ያን ያህል ጸጥታ አየር ላይ ሁለተኛ እንዳይለቀቅ!» አለ። «ጸጥታ አልነበረም፤ እያሰቡ ነበር» አለው ከሥሩ። ቴክኒሻኗ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ግን አማቻቸው ማን ይሆን? ጉዱን ሰምቶ ይሆን?» ስትል፣ «ሳይሰማ አይቀርም» ብሎ ቦርሳውን አነሳ።

ቤት ሲደርስ በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ናት። አልተኛችም። ፊቷ ላይ ሳቅና ፍርሃት ተደባልቀው፣ «ግባ ግባ፣ ይጠብቅሃል» አለች በሹክሹክታ። ወንድምየው ሳሎኑ መሃል ቆሟል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አዋረድከኝ! በሬዲዮ!»

«የማን ስም ተጠራ ጋሼ?»

«ምን ስም ያስፈልጋል? አገሩ ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል!»

«አገሩ ካወቀውማ እርስዎም ቢሰሙት ምን ይጎዳል?» አለ ከሥሩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ማድረግም አላስፈለገውም።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አማትየው ወጡ፤ ፀጉራቸውን አበጥረዋል፣ የውጪ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ለትልቅ ጉዳይ እንደሚሄድ ሰው። «የምን ሬዲዮ ነው የምታወራው?» አሉ ልጃቸውን። «እዚህ ፊትህ ቆሜ ልንገርህ፣ ከማንም እንዳትሰማ። ሰኞ አልሄድም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው…»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ።»

ያ ግዙፍ ሰውዬ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፤ ሶፋው ጮኸ። እጁን በጉልበቱ መሃል አድርጎ ምንጣፉን እያየ፣ ማንም ያላሰበውን ነገር ተናገረ። «ልጆቹ ወጥተዋል። ሚስቴም ለንግድ ትሄድና ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ሱቅ ዘግቼ ስገባ ቤቱ ጨለማ ነው። መብራት የማበራው እኔው ነኝ።» አማትየው ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩ። የቁጣው ነገር ከፊታቸው ቀስ ብሎ ሲነሳ ይታያል። አጠገቡ ተቀመጡ። «ይህን ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?» አሉት። «አልጠየቅሽኝም» አለ። የከሥሩ ሚስት የበሩን መቃን ተደግፋ፣ «እኔም ማንንም አልጠየቅኩም» አለች፣ ለራሷ እንደሆነ ሁሉ። ሁሉም ሰምቷታል፤ ጠዋት ያንን ብርጭቆ ስታጥብ ያልለቀቃት ነገር አሁን ለቀቃት መሰለ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ያደረጉት ስምምነት የእሳቸው ነው፤ አንዱንም ነገር ሌላ ሰው አልጨመረበትም። በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ አሉ። ስንት ቀን እንደምቆይ እዚያ ደርሼ አይቼ ነው አሉ። አንተም ሚስትህ በሌለች ጊዜ ሱቅህን ዘግተህ ና፣ መንገዱ ወዲህም ይመጣል አሉ። ወንድምየው በሁሉም እሺ አለ፤ ጮክ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እሺ አለ።

ዘግይተው ምሳ ተቀመጡ። ሾርባና ዳቦ ነበር። አማትየው ሾርባውን ቀመስ አደረጉና ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፣ «ጨው አቀብለኝ» አሉ። ወደ ከሥሩ እያዩ ነው። በይው አላሉም። የሚስቱ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ከሥሩ ጨውን አቀበላቸው። ተቀብለው ነሰነሱ፣ ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም ዕድሉ እጁ ላይ ሳለ ሊጠቀምበት ብሎ፣ «እንግዲህ የሚመጣው ቅዳሜም ይደውላሉ?» አላቸው።

«ማን? እኔ?» አሉ። «እኔ መቼ ደውዬ አውቃለሁ?»

«እማዬ!» አለች ሚስቱ።

«ያቺን ሴትዮ ከሆነ የምትሉት እንጃ፣ አላውቃትም። ስሰማት ግን ደህና ሴት ትመስላለች። ትንሽ ቁጡ ናት እንጂ።»

ወንድምየው ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ዳቦውን ቆርሶ ሳይጎርሰው እጁ ላይ ይዞ ቆየና፣ «ሬዲዮው እኛ ከተማ ይሰማል?» ብሎ ጠየቀ።

«አይደርስም ጋሼ» አለ ከሥሩ። «ስልክ ግን ከየትም ይገባል።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

ከሥሩ ሊናገር አፉን ከፈተ። አማትየው ቀደሙት። ዓይናቸውን ከሾርባቸው ሳያነሱ፣ የጣቢያውን ስልክ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው አንዴም ሳይደናቀፉ አወረዱት፤ ከዚያም ጨምረው፣ «ያ ከያዘ ደግሞ ሁለተኛው መስመር መጨረሻው ስምንት ነው» አሉ።

ሦስቱም ዞረው አዩዋቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ እማማ አይሆንም። «ብሉ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው።»